መኪናው ተጨፈለቀ፣ ዕውቀቱ ተረፈ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። የዛሬው ወጌ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ነው፤ ይበልጡን ግን መኪናውን እዚህ ስላደረሱት ሰዎች። ዓመቱን የምቆጥረው እንደ ፈረንጆቹ ነው፤ አገራችን ስንደርስ ወደ ራሳችን አቆጣጠር እመለሳለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከአናናስ ነው። አዎ፣ ከሚበላው አናናስ።

በ1940ዎቹ መጨረሻ ፕሮፌሰር አሪ ሃገን-ስሚት የሚባሉ የኔዘርላንድ ተወላጅ፣ ካሊፎርኒያ ፓሳዴና፣ ካልቴክ በሚባለው የቴክኖሎጂ ተቋም ውስጥ የአናናስን ጣዕምና መዓዛ ያጠኑ ነበር። ከፍሬው የሚወጣውን ትነት በብርድ ያቀዘቅዙታል፤ ጠብ ጠብ የሚለውን ይሰበስባሉ፤ በውስጡ ምን እንዳለ ይመረምራሉ። እሳቸው ከአናናሱ ጋር ሲታገሉ፣ ደጅ ላይ ሎስ አንጀለስና አካባቢዋ ቡናማ ጭጋግ ተደፍቶባቸው ይውላል። ዓይን ያቃጥላል፣ ደረት ይይዛል፣ የገበሬውን ቅጠላ ቅጠል ሳይቀር ያጠወልጋል። ጭጋጉ ከየት እንደሚመጣ በእርግጠኝነት የሚናገር አልነበረም። ፕሮፌሰሩ ታዲያ የአናናሱን መሣሪያ አዞሩና የከተማዋን አየር አሳለፉበት። ጥቂት ጠብታ ወጣ፤ ቡናማ፣ የሚከረፋ።

በዚያች ጠብታ ተይዘው ቀሩ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ መልሱን ይፋ አደረጉት፤ ከመኪና ጭስ ማውጫና ከነዳጅ ማጣሪያ የሚወጣው ጋዝ የካሊፎርኒያ ፀሐይ ሲያገኘው ኦዞን ይፈጥራል፣ ጭጋጉም ከዚያ ይወለዳል። የነዳጅ ኢንዱስትሪው በከፈላቸው ተመራማሪዎች በኩል «ተሳስተዋል» ተባሉ። እሳቸው ግን አልተመለሱም፤ ክርክሩን ዓመታት ገፉበት። ካሊፎርኒያ የአየር ሀብት ቦርድ የሚባለውን ተቋም አቋቁማ በ1968 ሥራ ሲጀምር የመጀመሪያው ሊቀመንበር እሳቸው ሆኑ። ይህን ቦርድ በልባችሁ ያዙልኝ፤ ኋላ ተመልሶ ይመጣል።

በዚያው በ1968፣ በዚያው በካልቴክ ግቢ፣ ዋሊ ሪፕል የሚባል ተማሪ ነበር። ጭጋጉ እሱንም አንገሽግሾታል። አንድ የ1958 ቮልስዋገን ሚኒባስ ነበረችው፤ የቤንዚን ሞተሯን አወለቀና የኤሌክትሪክ ሞተር ገጠመላት፤ ሆዷን በእርሳስ ባትሪ ሞላው። መኪናዋ ሄደች። እሱ ግን በዚህ አልረካም። ከአሜሪካ ወዲያኛው ጠረፍ ላለው፣ ኤምአይቲ ለሚባለው የቴክኖሎጂ ተቋም ተማሪዎች የውድድር ጥሪ ላከ፤ እናንተም የኤሌክትሪክ መኪና ሥሩ፤ እኛ ከምዕራብ እንነሳ፣ እናንተ ከምሥራቅ ተነሱ፤ አገሩን አቋርጦ የሌላው ግቢ ቀድሞ የሚደርስ ያሸንፋል!

ኤምአይቲዎች «እሺ» አሉ። አንድ ሸቭሮሌ ኮርቬር አገኙ፤ 20 ሺህ ዶላር ያህል የሚገመት የኒኬል-ካድሚየም ባትሪ ጫኑበት። ያ ገንዘብ በዚያ ዘመን ጥሩ ቤት ይገዛል። የካልቴኮቹ የእርሳስ ባትሪ ከዚያ ጋር ሲተያይ የድሀ ነው። ነሐሴ 26 ቀን ተነሱ። ከፊታቸው ያለው መንገድ ከ5 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በመንገዱ 54 የቻርጅ ጣቢያ ተዘጋጅቷል፤ ከአንዱ እስከ ሌላው ወደ 100 ኪሎ ሜትር ግድም። ጣቢያ ስላችሁ ዛሬ እንደምናየው መብራት ያለው፣ ካርድ የሚነካ ማሽን እንዳይመስላችሁ። ከኤሌክትሪክ መስመር የተጠለፈ ሽቦ ነው። ልጆቹ በሌሊት በረሃ መሐል ይደርሳሉ፣ ሽቦውን ያገናኛሉ፣ ባትሪው እስኪሞላ ቁጭ ይላሉ። የኤምአይቲዎቹ ባትሪ ቶሎ ይሞላል፤ ሲሞላ ግን ይግላል፤ እንዳይበላሽባቸው በበረዶ ያቀዘቅዙታል። አስቡት እንግዲህ፤ በነሐሴ ሙቀት፣ መኪና አቁሞ ለባትሪ በረዶ የሚሸከም ተማሪ!

የካልቴኮቹ ሚኒባስ መንገድ ላይ ሞተሯ ተቃጠለ። ሌላ ሞተር እስኪመጣላቸው ቆሙ። ኮርቬሩ በዚህ መሐል ገሠገሠና ቀድሞ ፓሳዴና ገባ፤ ነገር ግን የመጨረሻውን መንገድ የገባው እየተጎተተ ነበር። ሚኒባሷ ከአንድ ቀን በላይ ዘግይታ በራሷ ኃይል ኤምአይቲ ግቢ ደረሰች። ደንቡ ደግሞ ለተጎተተ ሁሉ የቅጣት ሰዓት ይጨምራል። ቅጣቱ ተደምሮ፣ ሂሳቡ ተሰልቶ፣ ያቺ የእርሳስ ባትሪ የተሸከመች ሚኒባስ በግማሽ ሰዓት ያህል አሸነፈች። 210 ሰዓት ፈጅቶባታል።

እኔ ይህን ውድድር ከሌላው ሁሉ አስበልጬ እወደዋለሁ። ዛሬ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና የምንጨቃጨቅበትን ነገር በሙሉ እነዚያ ልጆች በዘጠኝ ቀን ውስጥ አይተውታል። ቻርጅ በየስንት ኪሎ ሜትር ይኑር? ፈጥኖ የሚሞላ ባትሪ ሲግል ምን ይደረጋል? ውዱ ባትሪ ይሻላል ወይስ ርካሹ? አገር አቋራጭ የቻርጅ መስመር በ1968 ተዘርግቶ፣ ተሠርቶበት፣ ተነቀለ። ሪፕል ግን ያየውን ይዞ ቀረ።

እንዳላረዝምባችሁ፣ ወደ 1987 ልዝለል። ዶክተር ፖል ማክሪዲ የሚባሉ፣ እሳቸውም ከካልቴክ የወጡ፣ ቀድሞ በሰው እግር ፔዳል ብቻ የምትበር አውሮፕላን ሠርተው በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ያለውን ባሕር ያሻገሩ ሰው ነበሩ። ጄኔራል ሞተርስ ገንዘብ አቀረበ፤ የእሳቸው ቡድን ሰንሬይሰር የምትባል በፀሐይ የምትሄድ መኪና ሠራ። አውስትራሊያ ውስጥ ከዳርዊን እስከ አደላይድ 3,005 ኪሎ ሜትር ውድድር ተደረገ። ሰንሬይሰር በሰዓት 67 ኪሎ ሜትር ያህል እየሮጠች ገባች። ሁለተኛው የደረሰው ከሁለት ቀን በላይ ቆይቶ ነው።

በዚያች መኪና ውስጥ ያለውን ኤሌክትሮኒክስ የሠራው አለን ኮኮኒ ይባላል። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰውየው የሠራው ነገር ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ በምታዩት በእያንዳንዱ የኤሌክትሪክ መኪና ኮፈን ሥር አምሳያው አለ። ባትሪ የሚሰጠው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ኤሌክትሪክ ነው፤ ዲሲ እንለዋለን። ብርቱውና ብዙ ጥገና የማይፈልገው ሞተር ግን የሚሻው እየተመላለሰ የሚፈሰውን ኤሲ ነው። በሁለቱ መሐል ቆሞ በሴኮንድ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ እያበራና እያጠፋ አንዱን ወደ ሌላው የሚለውጥ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ ኢንቨርተር ይሉታል። ይህ መሣሪያ ወደ ኋላም ይሠራል። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ስትወርዱ እግራችሁን ከፔዳሉ ብታነሡ፣ ጎማው ሞተሩን ያዞረዋል፣ ሞተሩ ዲናሞ ይሆናል፣ የቁልቁለቱ ኃይል ተመልሶ ባትሪው ውስጥ ይገባል። በናፍጣ መኪና ያ ሁሉ ኃይል የፍሬን ሸራ አግሎ፣ ሸራውን በልቶ ይቀራል።

ከአውስትራሊያው ድል በኋላ ማክሪዲና ኮኮኒ ለጄኔራል ሞተርስ ኢምፓክት የሚባል ሙከራ መኪና ሠሩ። ጥር 1990 ሎስ አንጀለስ ላይ ለዕይታ ቀረበ። ከቆመበት ተነሥቶ በ8 ሴኮንድ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚጠጋ የኤሌክትሪክ መኪና! ያን ዕለት ነው እንግዲህ ያ በልባችሁ ያዙ ያልኳችሁ ቦርድ የነቃው። የአየር ሀብት ቦርዱ ባለሙያዎች አዩ፤ «ይቻላል ማለት ነው» አሉ። በዚያው ዓመት መስከረም ደንብ አወጡ፤ በካሊፎርኒያ ብዙ መኪና የሚሸጡ ትልልቅ ኩባንያዎች በ1998 ከሽያጫቸው 2 በመቶው፣ በ2001 5 በመቶው፣ በ2003 ደግሞ 10 በመቶው ከነጭራሹ ጭስ የማያወጣ መሆን አለበት። አናናስ ያጠኑ የነበሩት ፕሮፌሰር ይህን ሳያዩ አልፈዋል፤ ወንበራቸው ግን ሥራውን ሠራ።

በ1996 መጨረሻ ጄኔራል ሞተርስ ኢቪ-1 የምትባለውን መኪና አወጣ። ለሽያጭ አልቀረበችም፤ በኪራይ ብቻ ነው። በጠቅላላው 1,117 ተሠሩ። የተከራዩ ሰዎች ወደዷት፤ ያውም አወዳደዳቸው እንደ ቤተሰብ ነው። ነገር ግን ቦርዱ ላይ ግፊቱ በረታ። መኪና አምራቾች ፍርድ ቤት ከሰሱት፣ የአገሪቱ መንግሥትም ከከሳሾቹ ወገን ቆመ፤ በ2003 ደንቡ ላላ። ኩባንያው መኪኖቹን ሰበሰበ። ተከራዮቹ «ሽጡልን» ብለው ለመኑ፤ አልተሸጠላቸውም። ሐምሌ 2003 ሆሊውድ ውስጥ ባለ መቃብር ቦታ ተሰብስበው ለመኪናዋ የቀብር ሥነ ሥርዓት አደረጉላት። በ2005 በርባንክ ውስጥ 78 መኪኖች ታጉረው ሲቆሙ፣ ሰዎች ግቢው ደጃፍ ላይ ሌት ተቀን ተቀምጠው ጠበቁ፤ ለእያንዳንዷ ወደ 24 ሺህ ዶላር፣ በድምሩ 1.9 ሚሊዮን ገደማ እንክፈል አሉ። መልስ አላገኙም። መኪኖቹ ተጭነው ሄዱና ተጨፈለቁ። ጥቂቶች ለሙዚየምና ለዩኒቨርሲቲ ተሰጡ፤ እነሱም እንዳይነዱ ተደርገው።

እኔ ይህን ሳስብ የሚያንገበግበኝ ብረቱ አይደለም፤ ብረት ይቀልጣል፣ እንደገና ይሠራል። በዚያች መኪና ላይ የተማሩ መሐንዲሶች ሥራ ፈት ሆነው ቢበተኑ፣ ሌላ ሙያ ይዘው ቢቀሩ ኖሮ፣ የዛሬው ወጌ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። አልተበተኑም። ኮኮኒ ገና በ1992 ከሪፕልና ከሌላ ባልደረባቸው ጋር ሳን ዲማስ በምትባል ከተማ ኤሲ ፕሮፐልሽን የሚባል ትንሽ ኩባንያ አቋቁሞ ነበር። አዎ፣ ያው የሚኒባሷ ሪፕል ነው። በ1997 ቲዜሮ የምትባል የስፖርት መኪና ሠሩ፤ ሦስት ብቻ ነው የተሠሩት። ችግሯ የድሮው ችግር ነው፤ ባትሪዋ እርሳስ ነው፣ ይከብዳል፣ ሩቅ አያስኬድም።

እዚህ ላይ ትረካውን አቁሜ ሌላ መንገድ ልጥቀስላችሁ፤ የባትሪውን መንገድ። ያለ እሱ ይህ ሁሉ ልፋት ከንቱ ነበር።

በ1970ዎቹ፣ የዓረብ አገሮች ነዳጅ ሲያቆሙ ዓለም ተንቀጠቀጠ። ኤክሶን የተባለው የነዳጅ ኩባንያ ሳይቀር ሌላ ኃይል ፍለጋ ገባ። እዚያ የተቀጠረው እንግሊዛዊ ኬሚስት ስታንሊ ዊቲንግሃም ከብረቶች ሁሉ ቀላሉን፣ ሊቲየምን፣ ይዞ ባትሪ ሠራ። ባትሪው በእርግጥ ሠራ፤ ግን ደጋግሞ ይነድዳል። እሳት አደጋ ተከላካዮቹ በመጨረሻ፣ የሊቲየም እሳት ለማጥፋት የሚረጩትን ልዩ ኬሚካል ቤተ ሙከራው ይክፈለን እስከማለት ደረሱ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የነዳጅ ዋጋ ወረደ፤ ኩባንያውም ሥራውን ተወው።

ጆን ጉድኢነፍ ግን አነሡት። በ1980 ኦክስፎርድ ላይ፣ ዕድሜያቸው ወደ 60 ሲጠጋ፣ ከባልደረቦቻቸው ጋር ኮባልት ኦክሳይድን ተጠቅመው ባለ 4 ቮልት ባትሪ አሳዩ። ዩኒቨርሲቲው የባለቤትነት መብት ለማስመዝገብ አልፈለገም፤ ፕሮፌሰሩም መብቱን ለሌላ ተቋም ፈርመው ሰጡ፤ ዓለም ሁሉ በኪሱ ከሚይዘው ባትሪ አንዲት ሳንቲም አላገኙም። በዚያው ዘመን ግሬኖብል ፈረንሳይ ውስጥ የሞሮኮው ፌስ ከተማ ልጅ ራሺድ ያዛሚ፣ ሊቲየም በግራፋይት ውስጥ ገብቶ መውጣት እንደሚችል አሳየ። የዛሬዎቹ ባትሪዎች አሉታዊ ጎን በአብዛኛው ግራፋይት ነው። የአፍሪካ ልጅ ስሙ በዚህ ታሪክ ውስጥ አለና አትርሱብኝ። የ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ለዊቲንግሃም፣ ለጉድኢነፍና አሁን ለማወራላችሁ ለዮሺኖ ሲሰጥ እሱ አልተጠራም፤ ሽልማቱ ከሦስት ሰው በላይ አይከፈልም።

አኪራ ዮሺኖ ደግሞ ጃፓናዊ ናቸው፤ አሳሂ ካሴይ በሚባል የኬሚካል ኩባንያ ውስጥ የሚሠሩ። የሚነድደውን የሊቲየም ብረት ከባትሪው አስወጡት፤ በቦታው ከነዳጅ ዝቃጭ የሚወጣ ካርቦን አስገቡ፤ በሌላው ጎን የጉድኢነፍን ኮባልት። አሁን ይታመናል ወይ? ለማወቅ ባትሪውን ፍንዳታ ወደሚሞከርበት ቦታ ወሰዱት። ትልቅ ብረት ከላይ ለቀቁበት። ባትሪው ተደቆሰ፤ ሌላ ምንም አልሆነም። የቀድሞውን ዓይነት፣ የሊቲየም ብረት ያለበትን ባትሪ አስቀምጠው ያንኑ ብረት ሲለቁበት ፈነዳ። ዮሺኖ የሊቲየም-አዮን ባትሪ የተወለደው ያን ጊዜ ነው ይላሉ። በ1991 ሶኒ ለገበያ አወጣው።

አሁን ሁለቱ መንገዶች ይገናኛሉ። በ2003 ኮኮኒና ባልደረቦቹ የቲዜሮን የእርሳስ ባትሪ አውጥተው ጣሉ፤ በቦታው የላፕቶፕ ባትሪ፣ እነዚያን የጣት ያህል የሆኑ ትንንሽ ሲሊንደሮች፣ 6,800 ያህሉን አገጣጥመው አስገቡ። መኪናዋ በመቶ ኪሎዎች ቀለለች። ከ4 ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ 97 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ደረሰች፤ በአንድ ቻርጅ የምትሄደውም ሩቅ ሆነ። ይህን ሥራ በገንዘብ የደገፈው ማርቲን ኤበርሃርድ የሚባል መሐንዲስ ነበር፤ «ሽጡልኝ» አለ፣ «ለገበያ አንሠራም» አሉት። እሱና ማርክ ታርፐኒንግ በዚያው ዓመት ሐምሌ የራሳቸውን ኩባንያ መሠረቱ፤ ስሙንም ቴስላ አሉት። ኢቪ-1 የተቀበረችበት ሐምሌ ማለት ነው! በ2008 የወጣችው የመጀመሪያ መኪናቸው፣ ሮድስተር፣ የቲዜሮን መንገድ ተከትላ በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ ባትሪዎችን ተሸክማ ወጣች። ሞተሩ ላይ ከሠሩት አንዱ፣ በ1968 በረሃ ላይ ባትሪው እስኪሞላ ቁጭ ብሎ ይጠብቅ የነበረው ዋሊ ሪፕል ነው።

አሜሪካኖቹ እንዲህ ሲሉ፣ ቻይና ሌላ መንገድ ይዛለች። ዋን ጋንግ በ1952 ሻንጋይ ተወለዱ፤ በባህል አብዮቱ ጊዜ እንደ ብዙ እኩዮቻቸው ወደ ገጠር ተላኩ፤ እዚያ ነው ከትራክተር ሞተር ጋር የተዋወቁት። ኋላ ጀርመን ሄዱ፤ ክላውስታል ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ሠርተው አውዲ ተቀጠሩ። ጥሩ ደመወዝ፣ ጥሩ ኑሮ። በ2000 ለአገራቸው መንግሥት አንድ ሐሳብ አቀረቡ። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፤ በቤንዚን ሞተር ጀርመንና ጃፓን የመቶ ዓመት ብልጫ አላቸው፣ አንደርስባቸውም፤ በኤሌክትሪክ ግን ሁሉም ገና ከመነሻው ነው ያለው፣ እዚያ ላይ እንግባ። ሐሳቡ ተቀባይነት አገኘ፤ ሰውየው ሥራቸውን ትተው ተመለሱና የአገሪቱን የኤሌክትሪክ መኪና ምርምር መሩ፤ በ2007 የሳይንስና ቴክኖሎጂ ሚኒስትር ሆኑ፤ ያውም የኮሚኒስት ፓርቲ አባል ሳይሆኑ። በ2009 ከአሥር ከተሞች የጀመረ ድጎማ ተከፈተ፤ ትኩረቱ የቤት መኪና ሳይሆን አውቶቡስና ታክሲ ነበር። ይህን አካሄድ እኔ ትክክል ነው እላለሁ። የቤት መኪና አብዛኛውን ቀን ቆሞ ይውላል፤ አውቶቡስ ቀኑን ሙሉ ይሮጣል፣ ጭሱንም የሚተነፍሰው ፌርማታ ላይ የቆመው ሕዝብ ነው። በ2017 ማብቂያ የሸንዘን ከተማ 16,359 የከተማ አውቶቡሶቿ በሙሉ ኤሌክትሪክ ሆነው አደሩ።

ጉድኢነፍ በዚህ ሁሉ መሐል አላረፉም። ኦክስፎርድ በ65 ዓመት ጡረታ እንደሚያስወጣቸው አይተው በ1986 ቴክሳስ ኦስቲን ሄደዋል። እዚያ በ1990ዎቹ ከተማሪዎቻቸው ጋር ሌላ ነገር አገኙ፤ ከብረትና ከፎስፌት የሚሠራ ባትሪ። ኮባልት የለበትም፤ ስለዚህ ይረክሳል። ሙቀትንም ከኮባልቱ ይልቅ ይችላል። ጽሑፉ በ1997 ሲወጣ ዕድሜያቸው 75 ዓመት ገደማ ነበር። የሸንዘኑ መኪና አምራች ቢዋይዲ አውቶቡሶቹንና መኪኖቹን የሚያስኬደው በአብዛኛው በዚህ ዓይነት ባትሪ ነው። ኖቤሉ ሲደርሳቸው 97 ዓመታቸው ነበር፤ ከእሳቸው በላይ በዕድሜ ገፍቶ የተሸለመ የለም። ሰኔ 2023፣ በ100 ዓመታቸው አረፉ።

ከሰባት ወር በኋላ፣ በእኛ አቆጣጠር ጥር 2016፣ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ አዲስ አበባ ላይ ተነሥተው ኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል ወደ ኢትዮጵያ አይገባም አሉ። ሌሎች አገሮች በፈረንጆቹ 2030፣ 2035 እያሉ ቀጠሮ ሲይዙ፣ ያለ ቀጠሮ በሩን የዘጋችው የእኛዋ አገር ሆነች።

የእኛ ምክንያት ከሎስ አንጀለስ ይለያል። ነዳጅ በዶላር ይገዛል፣ ዶላር ደግሞ የለም። ኤሌክትሪካችን ግን ከ90 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውኃ ነው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው ታላቁ የህዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት አለው። ብዙ አገር ከጭስ የጸዳ መኪና የሚለው ኤሌክትሪኩ ከድንጋይ ከሰል የሚመጣ ነው፤ ጭሱ ከማርሚታው ወጥቶ ወደ ማመንጫው ጣቢያ ይዛወራል። አዲስ አበባ ውስጥ ማታ ግቢው ቻርጅ ያደረገ ሰው የሚነዳው በወንዝ ነው። ዘር ቀድሞ ተዘርቷል፤ በ2012 ዓ.ም. ክረምት የሻለቃ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ማራቶን ሞተርስ የኤሌክትሪክ ሃዩንዳይ አዮኒክ እዚሁ ገጣጥሞ ነበር። ቀረጡም ተስተካክሏል፤ ሙሉ ለሙሉ ተበታትኖ ገብቶ እዚህ ለሚገጣጠም ዜሮ፣ በከፊል ለተገጣጠመ 5 በመቶ፣ አልቆ ለሚገባ 15 በመቶ። አሁን መንግሥት አገር ውስጥ የገቡት የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ከ100 ሺህ በላይ ናቸው ይላል። ነዳጅ ማደያ ሰልፍ ላይ አድሮ የሚያውቅ ሹፌር ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስረጂ አይፈልግም።

ችግሩንም አልሸሽገውም። ከአዲስ አበባ ወጥቶ ለሚነዳ ሰው የቻርጅ ጣቢያ አሁንም ብርቅ ነው። መብራት ይጠፋል። መለዋወጫ ይጠበቃል። የሁሉም ሰው ጥያቄ ግን አንድ ነው፤ «ባትሪው ሲሞትስ?» ይህን ጥያቄ የሚመልሰው ሻጩ ሳይሆን መካኒኩ ነው። መካኒኮቻችን ደግሞ ካንዴላና ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮና ፓምፕ በማወቅ ያደጉ ናቸው። ማንም አያማቸውም፤ ሞተር በድምፁ ብቻ የሚያውቁ እጀ ወርቆች ናቸው። ይህ መኪና ግን ድምፅ የለውም።

ሥራውን የተማረ ሰው እንዲህ ያደርጋል። መጀመሪያ መኪናውን ያጠፋል፣ ቁልፉን ያርቃል። እስከ 1,000 ቮልት የሚችል የጎማ ጓንት ያደርጋል፤ ጓንቱን ከማጥለቁ በፊት አየር ነፍቶ ቀዳዳ እንደሌለው ያያል። እስከ 1,000 ቮልት የሚችል የጎማ ጓንት ያደርጋል፤ ጓንቱን ከማጥለቁ በፊት አየር ነፍቶ ቀዳዳ እንደሌለው ያያል። ኢንቨርተሩ ውስጥ የቀረው ኃይል እስኪፈስ ደቂቃዎች ይጠብቃል። ከዚያ በሜትር ይለካል፤ ዜሮ ካላነበበ ወፍራሞቹን ብርቱካናማ ኬብሎች አይነካም። ከ300 ቮልት በላይ የሚሸከሙ ናቸው፤ ሁለተኛ ዕድል አይሰጡም። ባትሪው ሲከፈት በውስጡ ተደርድረው የሚገኙት ሴሎች፣ የብረት-ፎስፌቱ ዓይነት ከሆኑ፣ እያንዳንዳቸው ወደ 3.2 ቮልት ናቸው። አንድ በአንድ ይለካቸዋል። ከመቶው አንዷ ደክማ ከሆነ መኪናው በሙሉ በእሷ ልክ ይጓዛል፤ የቀሩት ዘጠና ዘጠኙ ደህና ቢሆኑም። እሷ ያለችበትን ክፍል መለወጥ ባትሪውን በሙሉ ከመለወጥ እጅግ ይረክሳል።

አንዳንዴ ደግሞ እዚያ ድረስ መሄድም አያስፈልግም። የኤሌክትሪክ መኪና፣ ከትልቁ ባትሪ ሌላ፣ እንደ ማንኛውም መኪና ትንሽ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አለው። በሩን የምትከፍተው፣ ኮምፒዩተሩን የምታስነሣው፣ ትልቁን ባትሪ ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘውን ማብሪያ የምትስበው እሷ ናት። እሷ ከሞተች ትልቁ ባትሪ ጢም ብሎ ሞልቶም መኪናው አይነቃም። ባለቤቱ ዳሽቦርዱ ጨልሞ ሲያይ ይደነግጣል፤ ባትሪው ሞተ፣ ገንዘቤ አለቀ ይላል። ጉዳቱ የጥቂት ሺህ ብር ይሁን ወይስ የመቶ ሺዎች፣ የሚለየው ኮፈኑን ከፍቶ ሜትሩን መጀመሪያ የት ላይ እንደሚያሳርፍ በሚያውቀው ሰው ነው።